ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም የላከው ንጉሥ

ወገኖቼ፣ ተረት ተረት ብዬ አልጀምርም፤ የማወጋችሁ ተረት አይደለምና። የማወጋችሁ የአንድ ንጉሥ ነገር ነው። ስሙ በወርቅ ገንዘብ ላይ የተቀረጸ፣ በድንጋይ ላይ የተጻፈ፣ ባሕር ማዶ ባሉ ጸሐፊዎች ብራና ላይ የሰፈረ፣ በመጨረሻ ግን ያን ሁሉ ትቶ በሌሊት ከቤተ መንግሥቱ የወጣ ንጉሥ ነገር። ጊዜ ካላችሁ ጠጋ በሉ። መንገዱ ረዥም ነው፤ ከአክሱም ይነሣና ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ባሕር ይሻገራል፣ ደም ያያል፣ ከዚያም ዞሮ ተመልሶ እዚያው አክሱም አጠገብ ካለች አንዲት ኮረብታ ላይ ያርፋል።

ንጉሡ ካሌብ ነው፤ የመንግሥት ስሙ እለ አጽብሓ፣ የታዜና ልጅ። የነገሠው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ያስቀረጸው ድንጋይ አክሱም ላይ ተገኝቷል፤ ቋንቋው ግዕዝ፣ ፊደሉ ግን የሳባ ነው። ጽሑፉ እግዚአብሔር በሰልፍ ኃያል መሆኑን በሚናገረው በዳዊት መዝሙር ይጀምርና የንጉሡን ማዕረግ መደርደር ይይዛል፤ የአክሱም ንጉሥ፣ የሕምያር፣ የረይዳን፣ የሳባ፣ የሰልሔን፣ የሐድረሞት፣ የቤጃ፣ የኖባ እያለ፣ እያለ፣ የሚያነበው ሰው ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ይሄዳል። ያ ሁሉ አገርና ያ ሁሉ ባሕር ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው «የክርስቶስ አገልጋይ» የምትለዋ ማዕረግ የምትመጣው። ይህችን የኋለኛዋን ማዕረግ አደራ ያዙልኝ፤ የቀረው ወሬያችን በሙሉ የእርስዋ ነው።

ክብሩን በዓይናቸው ያዩ ሰዎችም አሉ። ከቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ከዮስጢንያኖስ ዘንድ የተላከ መልእክተኛ ያየውን፣ ዮሐንስ ማላላስ የሚባለው ጸሐፊ በታሪክ መጽሐፉ አስቀምጦልናል። ንጉሡ የቆመው አራት ዝሆኖች በሚስቡት፣ በወርቅ በተለበጠ ከፍ ያለ ሠረገላ ላይ ነበር አለ። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ በወርቅ ክር የተሠራ በፍታ አገልድሞ፣ በራሱ ላይ የበፍታና የወርቅ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ከጥምጥሙም ግራና ቀኝ አራት አራት ዘርፍ ወርዶ፣ በአንገቱ ላይ የወርቅ ድሪ አጥልቆ፣ በእጁ በወርቅ የተለበጠች ትንሽ ጋሻና ሁለት የወርቅ ጦሮች ይዞ ነበር። መኳንንቱ በዙሪያው በሰልፍ ቆመዋል፣ ዋሽንት ነፊዎች ይነፋሉ። እናም መልእክተኛው ተንበርክኮ ደብዳቤውን ሲያቀርብ፣ ንጉሡ የማኅተሙን መልክ ተቀብሎ ሳመው። እንዲህ ያለ ክብር ነበረው፤ እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ቆሞ ነበር። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ፣ ሰው የተወውን ነገር መጠን ካላወቅን መተዉን ስለማናውቀው ነው።

አሁን ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ከባሕሩ ማዶ፣ ዛሬ የመን በምንለው አገር፣ በሕምያር ላይ ዩሱፍ የሚባል ንጉሥ ተነሣ። ዐረቦች ዙ ኑዋስ ይሉታል፣ የእኛ መጻሕፍት ደግሞ ፊንሐስ። እምነቱ የአይሁድ እምነት ነበር። ስለዚህ ሰው ስናወራ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የሠራው ሥራ የእርሱ ነው፣ የአንድ ሕዝብ ዕዳ ተደርጎ ሊወራ አይገባውም። ከኋላው ደግሞ የሮምና የፋርስ ፉክክር፣ የእጣንና የቅመም ንግድ፣ ከአክሱም ቀንበር የመውጣት ፍላጎትም ነበረበት። ግን እንደ ፈረንጆቹ በ523 ዓ.ም. በናግራን ከተማ የሆነውን ምንም ነገር አያቀልለውም። ከተማይቱን ከበበ፣ ኃይል አልሆን ሲለው ክፉ እንደማያደርግባቸው ማለ፣ እነርሱም መሐላውን አምነው በሩን ከፈቱለት፣ ከዚያም ክርስቶስን ካዱ አላቸው። አንካድም ያሉትን በእሳትም በሰይፍም ፈጃቸው። ከአለቆቻቸው አንዱ ሽማግሌው ኂሩት ነበር፤ ለጎልማሶቹ ምሳሌ ሆኖ ቀድሞ አንገቱን ሰጠ። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚህን ሰማዕታት ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች።

ወሬው በረሃውን አቋርጦ ወደ ሶርያ ወጣ፣ ከሶርያም ወደ ቁስጥንጥንያ ደረሰ። የዚያን ጊዜው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኖስ ወደ እስክንድርያው ፓትርያርክ ወደ ጢሞቴዎስ ጻፈ፣ ጢሞቴዎስም ወደ ካሌብ ጻፈ፣ የናግራንን ሰዎች ደም ተመልከት ብሎ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው ትልቅ ሥራ ልሥራ ብሎ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው የራሱን ስም ነው። ለካሌብም ስም የሚያስገኝ ሁሉ ተሰናድቶለት ነበር። ጠላቱ ግፈኛ፣ ምክንያቱ ጽድቅ፣ ደብዳቤው ከፓትርያርክ፣ አጋሩ የዓለም ንጉሥ።

እርሱ ግን መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ልብሰ መንግሥቱን አወለቀ። የናግራን ሰማዕታት ገድል እንደሚነግረን የተራ ሰው ልብስ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባና አለቀሰ፣ ከዚያም ወጥቶ በእግሩ ወደ አባ ጰንጠሌዎን መንገድ ጀመረ።

አባ ጰንጠሌዎን ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ ናቸው፤ ከሮም አገር መጥተው ከአክሱም በስተ ምሥራቅ ባለች ሾጣጣ ኮረብታ ጫፍ ላይ፣ በጠባብ ጾማዕት ውስጥ ለ45 ዓመት ሳይቀመጡና ሳይተኙ ቆመው የጸለዩ አባት። «ዘጾማዕት» የተባሉትም ስለዚህ ነው። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከከተማው ይወጣና በማይ ሹም አጠገብ ያልፋል፣ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ ልጆች ፍየል ያጠጣሉ፤ ከዚያ ዳገቱን ይይዛል፣ ግራና ቀኙ ድንጋያማ እርሻ ነው፣ ከሩቅ የዓድዋ ተራሮች ሾጣጣ ሾጣጣ ሆነው ይታያሉ። ኮረብታዋ ላይ የሚያወጣው አቀበት አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ንጉሥም ቢሆን ጎንበስ ሳይል አይወጣትም።

እናም ያ ዝሆን የሚስብለት ሰው አቀበቱን በእግሩ ወጣ፣ ከጾማዕቷ ደጅ ቆመ፣ በትንሿ መስኮት በኩል የመነኩሴውን ድምፅ ሰማ። የጠየቀው ምክር አልነበረም፣ ጸሎት ነበር። አባም በሰላም ሂድ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይወጣል ብለው አሰናበቱት። በኋላ ከዘመቻው የተመለሱት ወታደሮች አባ ጰንጠሌዎንን በጦር ሜዳ መካከል አየናቸው ብለው መሰከሩ ይላል ገድላቸው፤ እርሳቸው ግን ከጾማዕታቸው አልወጡም ነበር።

ከዚያም ጦሩ ወደ ባሕር ወረደ። ከአክሱም ወደ አዱሊስ ለነጋዴ የስምንት ቀን ያህል መንገድ ነበር። ደጋው ቀዝቃዛ ነው፣ ሌሊት ጋቢ ያስደርባል፤ ከዚያ ገደሉ ይመጣል፣ በቅሎ በልጓም እየተያዘች ትወርዳለች፣ እያንዳንዱ ዙር አየሩን ያሞቀዋል፣ በመጨረሻም የዙላ ሰላጤ ሜዳ ላይ ሲደረስ ሙቀቱ ፊት ላይ ይለበልባል። አዱሊስም በመርከብ ተሞልታ ነበር። ከአይላ 15፣ ከቍልዝም 20፣ ከሌሎችም ወደቦች ተሰብስበው 60 ሆኑ፣ ካሌብም 10 አሠርቶ ጨመረ፣ 70 መርከብ።

በዚያ ግርግር መካከል አንድ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ነበር፤ ኮስማስ የሚባል፣ የእስክንድርያ ሰው። ንጉሡ በከተማይቱ መግቢያ ያለውን የጥንት ነገሥታት ድል የተጻፈበትን የድንጋይ ዙፋን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ላኩልኝ ብሎ ለአዱሊስ ገዥ ጽፎ ነበርና፣ ገዥው ኮስማስንና ሜናስ የሚባል ሌላ ነጋዴን አዘዛቸው፤ እነርሱም ገለበጡት። ይህን ነገር ሳስበው ይገርመኛል። ከእርሱ በፊት የነበሩ ነገሥታት ያን አገር ያዝኩ፣ ያን ሕዝብ አስገበርኩ ብለው ያጻፉትን ካሌብ ወደ ጦርነት ሊወጣ ሲል አስቀድቶ አነበበው። ያ ዙፋን ያኔ ባለቤት አልነበረውም፤ ኮስማስ እንደጻፈው ወንጀለኛ የሚቀጣው በፊቱ ነበር። ከሁለቱ ገልባጮች ሜናስ በኋላ ንግዱን ትቶ በደብረ ሲና አጠገብ መነኮሰ። ስለ ነገሥታት ድል የሚናገረውን ድንጋይ ያነበቡት ሰዎች ልባቸው ወዴት እንደ ሄደ እዩት።

ከጰራቅሊጦስ በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ525 ዓ.ም.፣ መርከቦቹ ሸራቸውን ዘረጉ። ጦርነቱን አላረዝምባችሁም። በየብስ የተላከ 15,000 ሠራዊት ውኃ በሌለበት በረሃ አለቀ ይላል የሰማዕታቱ ገድል፤ እናቶቻቸውን አስቡ። በባሕር የሄደው ግን አሸነፈ። የሕምያሩም ንጉሥ ተሸነፈና ሞተ፤ ዐረቦች ሲያወሩ ፈረሱን ኮልኩሎ ወደ ባሕሩ ገባ፣ ማዕበሉም ዋጠው ይላሉ።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን ግን አላልፈውም። «የሕምያራውያን መጽሐፍ» በሚባለው የሱርስት መጽሐፍ ተጽፏል። የካሌብ ወታደሮች የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፣ ያገኙትን ሁሉ ይገድላሉ፣ ክርስቲያኑንም ጭምር። የአገሩ ክርስቲያኖችም ቋንቋ ቢያጡ በእጃቸው ላይ መስቀል ነቀሱ፣ ወታደር ሲመጣ መዳፋቸውን ዘርግተው እንዲያሳዩ። ክርስቲያን ያልሆኑትም አይተው እንዲሁ ነቀሱ፣ ሞት ሲቀርብ ማን አይነቅስም? ከዚያም ሌሎች መጡ፤ በስደቱ ጊዜ ፈርተው የካዱ። ወንድሞቻቸው ሲታረዱ አንገታቸውን ያተረፉ ሰዎች። በካሌብ ፊት ቆመው ማረን አሉ፤ ለእነርሱም የንስሐ በር ተከፈተላቸው።

እኔ እንደሚመስለኝ ዘውዱ ከካሌብ ራስ ላይ መነቃነቅ የጀመረው እዚያ ነው። ስሙ በድል በገነነበት ቀን፣ የእርሱ ወታደር የገደለው ክርስቲያን ሬሳ ከፊቱ ነበር፣ የካደው ሰውም ተንበርክኮ ከፊቱ ነበር። ማን ነው እዚያ ላይ እኔ አሸነፍኩ የሚለው? ከኂሩት ጋር አንገቱን የሰጠው በጸጋ ጸና፣ የወደቀው በጸጋ ተነሣ፣ ንጉሡም በአንድ መነኩሴ ጸሎት ባሕር ተሻግሮ ነበር። በዚያ አደባባይ ላይ ደመወዙን ሊጠይቅ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም።

ካሌብ አብያተ ክርስቲያናትን አሠራ፣ ሱሙያፋ አሽዋዕ የሚባል የአገሩን ክርስቲያን አነገሠ፣ ወደ አክሱምም ተመለሰ። ድሉም ብዙ አልቆየለትም። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደጻፈው፣ እዚያው የቀሩት ወታደሮች በሾመው ንጉሥ ላይ ተነሡና አብርሃን አነገሡ፤ ይህም አብርሃ ቀድሞ አዱሊስ ላይ የአንድ ሮማዊ ነጋዴ ባሪያ የነበረ ነው። ካሌብ 3,000 ሰው በዘመዱ መሪነት ላከ፣ የላካቸው ሰዎች አለቃቸውን ገድለው ከአብርሃ ጋር ተደባለቁ። ሁለተኛ ጦር ላከ፣ እርሱም ተሸነፈ። ፕሮኮፒዮስ ከዚያ በኋላ ካሌብ ፈርቶ ጦር መላክ ተወ ብሎ ወሬውን ይዘጋል። የእኛ አባቶች ደግሞ ከድሉ በኋላ መንግሥቱን ተወ ይላሉ። አንዱ ከውጭ ሆኖ የጦሩን ጉዳይ ያያል፣ ሌላው ከውስጥ የሰውየውን ነፍስ። በእጁ የነበረው ድል ትኩስ ሳለም ሆነ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ዙፋኑ ገና የእርሱ ነበር፤ ከዙፋኑ ያወረደው ጠላት፣ ያባረረው ልጅ አልነበረም።

እናም ዘውዱን አንሥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ላከው። በጌታ መቃብር ደጅ እንዲሰቀል ለጳጳሱ ለዮሐንስ አደራ ብሎ ጻፈ። ነገሥታት ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ መስጠታቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ወርቅ ይሰጣሉ፣ መሬት ይሰጣሉ፣ ስማቸውንም በስጦታው ላይ ያጽፋሉ። እኛም ጉልበታችን በፈቀደው መጠን ይህንኑ እናደርጋለን፤ ምንጣፍ ሰጥተን ስማችን በድምፅ ማጉያ ካልተነበበ፣ በዓል ላይ ከፊት ወንበር ካልተሳበልን ቅር ይለናል፣ ልጃችን በዲግሪ ሲመረቅ የእግዚአብሔርን ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠርተን የቀረውን ሰዓት ለራሳችን እንወስዳለን። ካሌብ የሰጠው ግን ከተረፈው ላይ ቆርሶ አልነበረም። ንጉሥ ያሰኘውን ነገር ራሱን ነው የሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ስጦታዬ ብሎ የሚቆምበት ማዕረግ አልቀረውም።

ኅዳር 24 ቀን የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ በዓል የምታከብሩ ታውቁታላችሁ፤ ዮሐንስ በራእዩ እንዳያቸው አክሊላቸውን ከራሳቸው አውርደው በዙፋኑ ፊት ያኖራሉ። የናግራን ሰማዕታት በዓል ከዚያ ሁለት ቀን ቆይቶ ይመጣል። ካሌብ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ይመስለኛል፤ ለሰማዕታቱ ብሎ የወጣ፣ እንደ ካህናቱ አድርጎ ያኖረ።

ከዚያም ሌሊት ሆነ። ማቅ ለበሰ፣ ከቤተ መንግሥቱም ወጣ። ከዚያ ሁሉ ግምጃ ቤት ያነሣው ሁለት ዕቃ ብቻ ነበር ይላሉ፣ ውኃ የሚጠጣባት ጽዋና የሚተኛባት ምንጣፍ። በቀን በዝሆን ሠረገላ ያልፍበት የነበረውን ከተማ በጨለማ በባዶ እግሩ ሲያቋርጥ ያየው ሰው ቢኖር እንኳ፣ ለሌሊት ጸሎት የሚሄድ አንድ ድሃ ነው ብሎ ነው የሚያልፈው። ያንኑ የሚያውቀውን መንገድ ያዘ፣ ማይ ሹምን አለፈ፣ ያንኑ አቀበት ወጣ፤ ድሮ ጸሎት ሊለምን የመጣበት ደጅ ላይ አሁን ሊኖር መጣ።

ገዳም ውስጥ የኖረ ሰው ሥርዓቱን ያውቃል። ዛሬ የገባ ትናንት ከገባው በታች ነው፤ ዘር አይጠየቅም፣ ያለፈ ሹመት አይቆጠርም። ረድእ ሆኖ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ዝቅ ብሎ ይታዘዛል። ምግቡ ደረቅ እንጀራና ውኃ ሆነ፣ ወይን አልቀመሰም። በድንጋዩ ላይ ከተደረደሩት ማዕረጎች ሁሉ አንዷ ብቻ ከእርሱ ጋር ዳገቱን ወጣች። የሕምያር ንጉሥነት በአብርሃ እጅ ነበር፣ የአክሱሙ ዙፋን በልጁ በገብረ መስቀል ስር ነበር፣ የክርስቶስ አገልጋይነት ግን ምንጣፉ ላይ ነበረች።

ዛሬ ወደ አክሱም የሚሄድ መንገደኛ ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ መቃብረ ካሌብን ያገኛል፤ ከአጠገቡም የገብረ መስቀል መቃብር አለ። ትላልቅ ድንጋዮች ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ተገጣጥመዋል፣ የአንዱ ማዕዘን በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ልክክ ብሎ ገብቶ በመጋጠሚያው ቢላዋ አይገባም። ደረጃውን ወርዳችሁ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ድንጋዩ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። ከላይ ያለው ሕንፃ ግን ሳይፈጸም የቀረ ነው፤ ካሌብም እዚያ አልተቀበረም ይላሉ የአገሩ ካህናት፣ ያረፈው ከአባ ጰንጠሌዎን ዘንድ ነው። ጠራቢዎቹ ለንጉሥ የሚገባውን ቤት ሲሠሩ ባለቤቱ ሌላ ቤት አገኘ።

መታሰቢያው ግንቦት 20 ነው። በዚያ ቀን ማለዳ ቤተ ክርስቲያን የምትገኙ ከሆነ ስንክሳሩ ሳይነበብ አትውጡ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘመቻውንም ይስሙት፣ መርከቡንም ይስሙት፣ ልጆች መርከብ ይወዳሉ። ወደ ዘውዱና ወደ ጽዋዋ ሲደርስ ግን ጠጋ አድርጋችሁ ያዟቸው።